ወንድማችንን ከአረቄ ለማላቀቅ ቤተሰቡን በአንድ ቃል እንዴት ላቁም?

እህት ከግንፍሌ
መስከረም 24

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ይረዝማል፤ ታገሡኝ። ባሳጠርኩት ቁጥር ሰው ሁሉ «ወንድምሽን ምከሪው» ብሎ ያሰናብተኛል። እሱን መምከር አላቃተኝም። ያቃተኝ የቀረነውን ማስማማት ነው።

የምንኖረው ግንፍሌ ነው፤ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ፣ እኛ ሁላችን በተወለድንበት ቤት። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ጡረተኛ ናት። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ እሱ፣ 36 ዓመቱ ነው። ከዚያ ታናሽ እህታችን አለች። የመጨረሻው ወንድማችን ውጭ አገር ነው፤ በየወሩ ገንዘብ ይልካል። የወንድሜ ልጅም ከእኛ ጋር ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ከሦስት ዓመት በፊት ቤቱን ጥላ ወጥታለች፤ አልፈርድባትም።

ወንድሜ የማተሚያ ማሽን ባለሙያ ነው። ማሽን ሲንኳኳ በድምፁ ብቻ የቱ ጋ እንደተበላሸ የሚናገር ሰው ነበር። አራት ኪሎ አካባቢ ያሉ ትንንሽ ማተሚያ ቤቶች ይሻሙበት ነበር። የጀመረው በጫት ነው፤ የሌሊት ሥራ ለመቋቋም። ከጫቱ በኋላ ለጨብሲ ቢራ፣ ከቢራው ወደ አረቄ። አሁን ጫቱን ከተወ ቆይቷል። አረቄው ግን ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ይጀምራል። ሥራ ቢገኝ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ እሱም እየቀረ ነው።

ባለፈው እሑድ የሆነውን ልንገራችሁ። እናቴ ቡና አፈላች። ለሁላችን በሲኒ ቀዳች፣ ለእሱ ግን በውኃ ብርጭቆ፣ ግማሽ ድረስ ብቻ። ሲኒ ሲይዝ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቡናው ይፈስበታል። ስለዚህ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ይጠጣል፤ እኛም እንዳላየን ሆነን ስለ ዘይት ዋጋ እናወራለን። ይህ መቼ እንደተጀመረ አላስታውስም። ያን ዕለት ግን ልጅቷን አየኋት። እናቴ ረከቦቱን ስታቀርብ ማንም ሳያዛት ተነሥታ ብርጭቆውን ከመደርደሪያው አወረደች፣ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችና ከሲኒዎቹ ጎን አስቀመጠች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአባቷን መንቀጥቀጥ መሸፈን ከእኛ ተምራለች።

ከዚያ ወዲህ ሁላችንንም መመልከት ጀመርኩ። እናቴ ብር በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች፤ ጠዋት እኔ ስወጣ ቋጠሮው አለ፣ ማታ ስገባ ተፈቷል። ስጠይቃት «ለምጽዋት ሰጠሁት» ትላለች። አንድ ቀን ጭራሽ ልጅቷን ሱቅ ልካ አስገዝታለታለች። ውጭ ያለው ወንድማችን ለቤት ከሚልከው ሌላ ለብቻው ይልክለታል፤ «አንጀቴ አልችል አለ» ይለኛል በስልክ። ታናሽ እህታችን ካናገረችው ዓመት ሊሆናት ነው፤ ሳህኑን እንኳ ለይታ ነው የምታጥበው። አጎታችን ከስድስት ኪሎ ይመጡና ይጮኹበታል፣ ጮኸው ይሄዳሉ። እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከቤታችን በላይ ያለች አንዲት ግሮሰሪ የዱቤ ደብተር ላይ ስሙ አለ፤ በወር በወሩ ሄጄ የምከፍለው እኔ ነኝ። በነሐሴ 1,850 ብር ከፈልኩ። እንዳይዋረድ ብዬ ነበር። ለካስ በየወሩ አዲስ ገጽ እየከፈትኩለት ኖሯል።

ሞክረናል። ሁለት ሳምንት እንጦጦ ፀበል ከእናቴ ጋር ተቀምጦ 23 ቀን ሳይቀምስ ቆየ፤ ከዚያ ተመለሰ። ባለፈው ሰኔ ደግሞ አጎታችን «ይበቃል» ብለው ክፍሉ ውስጥ ቆለፉበት፤ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ሄዱ። በማግስቱ ላብ በላብ ሆነ፤ በሁለተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል እያለ በእጁ ይጠርግ ጀመር። እናቴ በሩን በመጥረቢያ ሰበረች፤ ከጎረቤት አረቄ ለምና ሁለት መለኪያ አጠጣችው። ረጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን የሚያሳምናት የለም። «ካልጠጣ ይሞትብኛል፣ ልጄን በእጄ አልገድልም» ትላለች። ስንቆጣት ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ እኛ እንተወዋለን።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ቤተሰቡን በአንድ ቃል እንዴት ላቁም? ሁሉንም ሰብስቤ ሽማግሌ ይዤ እሱን በመሐል ላስቀምጠው? አጎታችን የሚሉት እንደዚያ ነው። ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ያለፈበት ሰው ይንገረኝ።


የአእምሮ ሕክምና ነርስ
መስከረም 24

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት ስለ እናትሽ ልናገር፤ ቤታችሁ ውስጥ ከሁላችሁም ይበልጥ በትክክል ያየችው እሷ ናት።

በየቀኑ ለዓመታት አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ሰውነቱ ይታወካል። መንቀጥቀጡና ላቡ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ቀንና ቦታ መሳት፣ ትኩሳት። ጉንዳኑ የመጣው ከዚያ ነው። ይህ ሰው ይገድላል፤ በሙያዬ አይቻለሁ። እናትሽ «ካልጠጣ ይሞታል» ስትል ያየችውን ነው የምትናገረው። የተሳሳተችው መድኃኒቱ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ዳግመኛ አትቆልፉበት። ሐኪም ሳያየው «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ እንዳትቀምስ» አትበሉት። ማቋረጡ በሕክምና ሥር መሆን አለበት። ሐኪሙ ሰውነቱን የሚያረጋጋ መድኃኒት በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይሰጠዋል፤ ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠዋል፤ ጠጪ ሰው በዚህ ቫይታሚን እጥረት አእምሮው ሊጎዳ ይችላልና። ማረጋጊያውን ራሳችሁ ከፋርማሲ ፈልጋችሁ እንዳትሰጡት፤ ከአረቄ ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። በመሐሉ ቢንዘፈዘፍ ወይም ሰው መለየት ቢያቅተው ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የከተማው እሳትና አደጋ መከላከያ 939።

የት ትሄዳላችሁ? በአማኑኤልም በጳውሎስም ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ መጀመሪያ የቀበሌያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ሪፈር አጽፉ። የምለምንሽ ግን አንድ ነገር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄጂ እሱን ሳይሆን እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። የሰኔውን ሌሊት ለሐኪሙ በራሷ አፍ ትናገር። «እማማ፣ ያዩት እውነት ነው፤ እዚህ ሆኖ ግን አይሞትም» የሚላት ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ያስፈልጋታል። ከእናንተ አፍ ስትሰማው ክርክር ነው የሚሆንባት።

ስለ ትልቁ ስብሰባ ደግሞ። አሜሪካ ውስጥ ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ማየርስ የሚባሉ ባለሙያና ባልደረቦቻቸው ክራፍት የሚል ስም ያለው የቤተሰብ ሥልጠና አላቸው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ሕክምና እንቢ ያሉ ጠጪዎችን ቤተሰቦች በሦስት መንገድ ረድተው አወዳደሩ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ጠጪውን እንዲጋፈጥ በተዘጋጀበት መንገድ ወደ ሕክምና የመጡት 30 በመቶ ነበሩ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ቀኑ ሲደርስ ስብሰባውን ራሱን ሳያደርጉት ቀሩ፤ ከበዳቸው። በክራፍት መንገድ የመጡት 64 በመቶ ናቸው። ሦስተኛው አል-አኖን የሚባለው የጠጪ ቤተሰቦች መረዳጃ ማኅበር መንገድ 13 በመቶ አመጣ፤ እሱ ግን መጀመሪያውኑ የተዘጋጀው ጠጪውን ለማምጣት ሳይሆን ቤተሰቡ ራሱ እንዲያርፍ ስለሆነ በዚህ አይመዘንም።

ክራፍት የሚያስተምረው እናቶቻችን ሊገባቸው የማይችል ነገር አይደለም። ሳይጠጣ ሲውል ቤቱ ይሙቅለት፤ ምግቡ፣ ጨዋታው፣ ፍቅሩ ያን ጊዜ ይምጣ። ጠጥቶ ሲመጣ ጭቅጭቅም ማባበልም የለም፤ ዞር ማለት ብቻ። መጠጡ ያመጣበትን መዘዝ አትሸፍኑለት፤ ዕዳውንም፣ ከሥራ መቅረቱንም፣ የቆሸሸ ልብሱንም። እሱ ራሱ «ሰለቸኝ» ያለ ቀን ደግሞ የሚሄድበት ቦታ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው። ያ ቀን ይመጣል፤ ግን ከግማሽ ቀን በላይ አይቆይም።


ስድስት ዓመት ከአራት ወር
መስከረም 25

እኔም እንደ ወንድምሽ ነበርኩ። የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ስሜን የመረጥኩት ካቆምኩበት ቀን ጀምሮ ቆጥሬ ነው።

የስብሰባውን ነገር ከሌላው ወገን ልንገርሽ። አክስቴ ቤት አሥራ አንድ ሰው ሰብስበው አስቀመጡኝ። ሁለት ሽማግሌ፣ የንስሐ አባታችን፣ የሥራ ኃላፊዬ ሳይቀር። እያንዳንዱ በተራ የበደልኩትን ዘረዘረ። ሁሉም እውነት ነበር። ተንበርክኬ ጉልበት ሳምኩ፣ በሚካኤል ማልኩ፣ እናቴ እልል አለች። ከዚያ ቤት ስወጣ ግን በውስጤ የነበረው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ይህን ኀፍረት የት ላድርገው? ኀፍረትን የማጠፋበት መንገድ የማውቀው አንድ ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቁጭ ብዬ እጠጣ ነበር። ስለዚህ አጎታችሁን አክብሪያቸው፣ ምክራቸውን ግን አትከተዪ። መሐላ ከጠጪ ሰው አትቀበሉ፤ ሲያፈርሰው ከመጠጡ ሌላ አንድ ኃጢአት ጨመራችሁበት ማለት ነው።

እኔን ያወጣኝ የሆነው እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሁሉንም ለየብቻ ሄዶ አናገራቸው፤ እኔ በሌለሁበት፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን። ለእያንዳንዱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንተ የምታቆመው ምንድን ነው?» አክስቴ ብድር ማበደር አቆመች። እህቴ ለአለቃዬ ደውላ «ታሟል» ማለት አቆመች። እሱ ራሱ የምጠጣባቸው አራት ግሮሰሪዎች በእግሩ ዞሮ «ከዛሬ ጀምሮ የሱን ዕዳ የሚከፍል ሰው የለም፤ ብትሸጡለትም በራሳችሁ ነው» አላቸው። አትሽጡለት ብሎ አልለመነም፣ አልተጣላም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስቱ ዱቤ ከለከሉኝ። ተናድጄ ነበር፤ ቤት ገብቼ ሳህን ሰብሬያለሁ። ማንም አልጮኸም። ጠዋት ስነሣ ስብርባሪው እዚያው ወለሉ ላይ ነበር። እኔው ጠረግሁት።

አሁን ስለ እናት። እናቴም እንደ እናትሽ ብር በድብቅ ትሰጠኝ ነበር። ወንድሜ «አትስጪው» አላላትም። «ከዛሬ ጀምሮ ምግቡ ያንቺ ነው፤ ብሩ የኔ» አላት። ጠጪ ሰው እንደማይበላ ታውቂያለሽ። በየጠዋቱ አጥሚት ይዛ ትመጣለች፤ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ እስክጨርስ ትጠብቃለች። ገንዘብ ስጠይቃት «ብሩ ወንድምህ ጋ ነው፤ ና ብላ» ትላለች። እናትን ስጪ የምትሉት ነገር ሳይኖር አትስጪ ብቻ ካላችኋት መልሳ ነጠላዋን ትፈታለች። ሌላ የምትሰጠው ነገር ስጧት። ይህን ከሁሉ በላይ ያዢልኝ።

ጊዜውን ደግሞ ተጠንቀቁ። ማታ የሚነገር ነገር ሁሉ ባዶ ነው። ወንድሜ የመጣው አንድ ረቡዕ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ እጄ ክብሪት መጫር ያቃተው ሰዓት። አልመከረኝም። «ሐኪሙ ዛሬ ይጠብቅሃል፤ ታክሲው ውጭ ቆሟል፤ እኔም ሥራ ቀርቻለሁ» አለኝ። ቀጠሮውን የያዘው ከአሥር ቀን በፊት ነበር። ሲስተር የጻፉት ግማሽ ቀን ያ ነው። «ነገ እንሂድ» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም።

ሕክምናው ቀላሉ ነው፤ ሁለት ሳምንት። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ምሽት ነው። ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ምን ልሥራ? ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ሰዓት የተቀመጥኩት ግሮሰሪ ነው። ታናሽ ወንድሜ በየምሽቱ ከካዛንቺስ እስከ መስቀል አደባባይ በእግር ይወስደኝ ነበር፤ ደረጃዎቹን ወጥተን ወርደን እንመለሳለን። ስለ መጠጥ አንድም ቀን አላነሣም። ስለ ኳስ ነበር የምናወራው። በአምስተኛው ወር፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ወደቅሁ። ያን ሌሊት ስብሰባ አልጠሩም። ሲነጋ ያው ወንድሜ መጣ፣ ያው ሐኪም ጋ ሄድን። ለመውደቄ አስቀድመው ተዘጋጅተው ነበር ማለት ነው። እናንተም ዛሬውኑ ተዘጋጁ።

ታናሽ እህታችሁ ግን ታናግረው። ዓመት ሙሉ ሳህን መለየት ሰው ይገድላል። እኔ አውቀዋለሁ።


የበኩር ልጅ
መስከረም 25

ከላይ የጻፉት ወንድሜ ስለ ታናሿ እህት ባሉት አልስማማም። አባቴ ጠጪ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ «አባትሽ ነው፤ አናግሪው» ተብያለሁ። ዝም ያልኩት ልቀጣው ፈልጌ አልነበረም፤ ከእንግዲህ ተስፋ አድርጌ እንዳልሰበር ነው። እሷም ቆስላለች። ሲድን ታናግረው ይሆናል፤ እስከዚያ ግን ሰላምታ እንኳ ብትነፍገው የሱ ሕመም በእሷ ሒሳብ አይጻፍ። የምትጠየቀው አንድ ነገር ቢኖር ሌሎቻችሁ የተስማማችሁበትን እንዳታፈርስ ነው።

የመጣሁት ግን ስለ ልጅቷ ነው። ያቺን ብርጭቆ የምትወለውል ልጅ እኔ ነኝ። የእኛ በር ቆርቆሮ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ከተንኳኳ ሰላም ነው፣ በእግር ከተገፋ ግን ደብተሬን ይዤ ከአልጋ ሥር እገባለሁ። ዛሬ 40 ዓመት ሆኖኝ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሆዴ ይላወሳል። ያን ጊዜ አንድም ሰው «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አላለኝም። ጥሩ ውጤት ባመጣ የሚተው ይመስለኝ ነበር። ከክፍል አንደኛ ወጣሁ፤ አልተወም።

ቁጭ አድርገሽ በግልጽ ንገሪያት። አባትሽ ታሟል፤ በሽታው መጠጥ ይባላል፤ አንቺ አላመጣሽውም፣ አንቺም አታድኚውም፤ ሐኪም ይረዳዋል። ደግሞም ማታ ስትፈራ የምትሄድበት አንድ የጎረቤት ቤት ይኑራት፤ ቀድመሽ ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋገሪ። ሱቅ መላኩ ደግሞ ዛሬውኑ ይቁም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። ባለሱቁን ይህን አስታውሺው፤ ሥራውን እንዳያጣ ይፈራል። ለእናትሽ ግን ስለ ሕግ አትንገሪያት። የብርጭቆውን ነገር ንገሪያት።


ከራስ መኮንን ድልድይ
መስከረም 26

አጭር ነገር ልጨምር። ፀበሉን እንደወደቀ ነገር አትቁጠሩት። 23 ቀን ትንሽ አይደለም፤ ሊያቆም እንደሚችል ራሱ ያየበት ጊዜ ነው። የእኛ የንስሐ አባት ወንድሜን «መድኃኒቱን እየዋጥህ ተጠመቅ» ነው ያሉት፤ ሁለቱን አላጣሉበትም። ሲስተር የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ የገባኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ሰውነቱ በሐኪም እጅ ይርጋ፤ ከዚያ ፀበል ይሂድ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ሐኪም ወስዶ ማስጾም አደጋ አለው። ለንስሐ አባታችሁ ይህን ብታስረዷቸው እናታችሁ ከእርሳቸው አፍ ትሰማለች።


እህት ከግንፍሌ
ኅዳር 2

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዝም ያልኩት የምነግራችሁ ነገር እስኪኖር ነው።

ሲስተር፣ እንዳሉኝ መጀመሪያ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እናቴ መጀመሪያ ዕድሜዋን አይታ ልቧ አልቆመም ነበር። የሰኔውን ሌሊት ስትነግራት ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አዳመጠቻት። ከዚያ «እማማ፣ በሩን በመስበርዎ ልጅዎን አትርፈዋል» አለቻት። እናቴ አለቀሰች፤ ግን ይህኛው ለቅሶ እኛን ዝም የሚያሰኘው ዓይነት አልነበረም። በመመለሻችን ታክሲ ውስጥ ሆና ነጠላዋን ፈትታ ያለውን ብር ቆጥራ ሰጠችኝ። 340 ብር። «ምግቡ የኔ ነው አይደል ያልሽው?» አለችኝ። ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የካዛንቺሱ ወንድሜ፣ እርስዎ ነዎት።

ሌሎቹን አንድ በአንድ አናገርኩ። ከሁሉ የከበደኝ ውጭ ያለው ነው። «ከላክሁለት በቀር ወንድሙ መሆኔን በምን ያውቃል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በመጨረሻ በየእሑዱ ጠዋት፣ ሳይጠጣ ገና፣ በቪዲዮ ሊደውልለት ተስማማን። አሁን ስለ ድሮው ማተሚያ ቤት ያወራሉ፤ አንዳንዴ ሲሳሳቁ ከሌላው ክፍል እሰማለሁ። አጎታችን ለሁለት ሳምንት ተቀይመውኝ ነበር። የቆለፉት ለደግ ብለው ነው፤ ሊገድሉት እንደነበር ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። አሁን የሐኪም ቀን በመኪናቸው የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ምንም እንዳይናገሩ ለምኛቸዋለሁ፣ አልተናገሩም። ታናሽ እህቴን አልጫንኳትም። ለልጅቷ ግን የነገረቻት እሷ ናት፤ እኔ ድፍረት አጥቼ ስዘገይ እሷ አልጋዋ ላይ አስተኝታ ነገረቻት።

እኔ ደግሞ ግሮሰሪዋ ሄድኩ። የመጨረሻውን ከፍዬ ደብተሩ ላይ ባለቤቷ ፊት መስመር አሰመርኩ። ባለቤቷ ክፉ ሴት አይደለችም፤ «እኔም ቸግሮኝ ነው» አለችኝ።

ግማሽ ቀኑ የመጣው ጥቅምት 9 ነው። የሠራበት የመጨረሻ ማተሚያ ቤት ማሽን ላይ እጁ ሊያዝ ሲል ባልደረባው ሳበው። ማግስቱን ጠዋት በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ጣቶቼን ላጣ ነበር» አለኝ። ልብሴን ሳልለብስ አጎታችን ዘንድ ደወልኩ። አሥራ ሁለት ቀን ተኝቶ ታከመ፤ እናቴ በየቀኑ አጥሚት በፔርሙስ አደረሰች። ከወጣ ዛሬ አሥር ቀኑ ነው። እጁ አሁንም በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል። ይቆጣል፣ እንቅልፍ የለውም፣ አንድ ምሽት በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ነጋ። ማታ ማታ እስከ ሥላሴ ድረስ በእግር እንሄዳለን።

አሁን አንድ ነገር ቸገረኝ። ኅዳር ጽዮን የእናቴ የማኅበር ተራ ነው። ቤቱ ጠላ ካልገባበት ማኅበርተኛው ምን ይላል? ሠላሳ ዓመት ያልተቋረጠ ማኅበር ነው። እናቴ ተራዋን ለሌላ ማሳለፍ እንደ ውርደት ታየዋለች፤ ጋኑ ደግሞ የሚቀመጠው ከሱ መኝታ ግድግዳ ማዶ ነው።


ስድስት ዓመት ከአራት ወር
ኅዳር 2

ጥቅምት 9ን ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት እንዳልል እሱ ራሱ ቆጥሮታል፤ እርግጠኛ ነኝ።

ጠላውን በፍጹም አታስገቡ። ጋኑን ለዓመቱ ከቤት ያውጡት፤ ለጎረቤት ስጡ። ተራዋን አታሳልፉባት፤ እናትሽ ማኅበሯን ታስተናግድ። ብርዝ ትበጥብጥ። እናቴም የሚካኤልን እንደዚያ ነው ያደረገችው፤ ለማኅበርተኛው የነገረችው ቀድማ፣ ቤት ለቤት ዞራ ነው፤ ሰው ቤቷ ከገባ በኋላ ማብራሪያ አልሰጠችም። ሁለት ሴቶች አጉረመረሙ። አንዷ ግን በወጣች ጊዜ እናቴን ጥግ ይዛ ስለ ልጇ አለቀሰችላት።

ደግሞ ወንድምሽን ቀድመሽ ጠይቂው። በዚያ ቀን ቤት መዋል ይፈልግ ወይስ አጎታችሁ ዘንድ? እሱ ይምረጥ። ብርዙን ደግሞ ኅዳር 20 ማታ እንጂ ቀደም ብላችሁ አትበጥብጡት። ጌሾ ባይገባበትም ማር በውኃ ቀናት ከቆየ ይፈላል። የተረፈውን በዚያው ማታ አከፋፍላችሁ ማሰሮውን እጠቡት።